ለመምህራን የተከፈተ የተራራ ትምህርት ቤት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ሳይማር ለመሾም ለሚቸኵል ሰው ነው። ነገር ግን ይህ አነጋገር ሌላም ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ይመስለኛል። በሚገባ ተምሮ የጠመጠመ ሰውም ቢሆን፣ ጥምጥሙ በራሱ ላይ ብዙ ዘመን ሲቈይ የመማርን ጣዕምና የመማርን ጭንቀት መርሳቱ አይቀርም። በተለይ አስተማሪ ለዚህ ነገር የተጋለጠ ነው። በየዓመቱ ያንኑ መጽሐፍ ይከፍታል፤ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱንም አስቀድሞ ያውቀዋል። በክፍሉ ውስጥ ከተሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ «እሳሳት ይሆን?» ብሎ የማይፈራው እርሱ ብቻ ነው። ይህም ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ያልገባው ተማሪ ሰነፍ፣ የዘገየው ደካማ፣ ዝም ያለውም ግድ የሌለው መስሎ ይታየዋል።

ታዲያ አስተማሪን እንደ ገና ተማሪ ማድረግ የሚቻለው በምን መንገድ ነው? ተጨማሪ መጽሐፍ ቢሰጡት ያነበዋል፤ ስብሰባ ቢጠሩት ይመጣል፤ ንግግር ሲደረግ ማስታወሻ ይጽፋል፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪ መሆን ማለት አዲስ ነገር መስማት ብቻ አይደለም። አለማወቅን በሰው ፊት መግለጥ፣ ሌላው የቻለውን ነገር አለመቻል፣ ከጓደኛም እርዳታ መለመን ጭምር ነው። ይህን ስሜት ምቹ ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

እኔ በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዴንቨር ከተማ አካባቢ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መምህር የማስተማር ፈቃዱን ለማሳደስ በየጥቂት ዓመቱ ተጨማሪ ትምህርት መከታተሉን ማስረዳት አለበት። አብዛኞቻችን ይህን ግዴታ የምንፈጽመው በአዳራሽ ተቀምጠን ነው። ሆኖም በተራራና በጫካ ውስጥ ለመምህራን የሚሰጥ የክረምት ዕረፍት ትምህርትም አለ። በ2018 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የዐሥር ቀኑን የተራራ ትምህርት መርጬ ተመዘገብሁ። ዛሬ ለአንባብያን ለማካፈል የፈለግሁት ከዚያ ያገኘሁትን አሳብ ነው።

በመጀመሪያ ግን ይህ ትምህርት ከየት እንደ መጣ ጥቂት ልናገር። ኩርት ሐን የተባለው የትምህርት ሰው በ1886 በበርሊን ከተማ ተወለደ። በ1920 በደቡብ ጀርመን የሳሌምን አዳሪ ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ሂትለርን በግልጽ በመቃወሙ በ1933 ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ፤ በ1934ም በስኮትላንድ የጎርደንስቱንን ትምህርት ቤት ከፈተ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመ ጊዜ የጀርመን ጠላቂ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። ሎረንስ ሆልት የተባለ የመርከብ ኩባንያ ባለቤት አንድ ነገር አሳሰበው፤ ይኸውም መርከብ ሲሰጥም በሕይወት አድን ጀልባ ላይ የሚወጡት ጐረምሶች ጕልበት እያላቸው ቶሎ ተስፋ ሲቈርጡ፣ በባሕር ላይ ያረጁት መርከበኞች ግን ችለው የሚተርፉ መሆናቸው ነው። የጐደለው የክንድ ብርታት አልነበረም፤ ችግርን አስቀድሞ አይቶ ማለፍ ነበር። ስለዚህ ሐንና ሆልት ተባብረው በ1941 በዌልስ አገር፣ አበርዶቪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስሙንም «አውትዋርድ ባውንድ» አሉት፤ ወደቡን ለቆ ወደ ሰፊው ባሕር የሚወጣ መርከብ የሚጠራበት የመርከበኞች ቃል ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላም አሳቡ አልቀረም። በ1952 በኬንያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ባለችው በሎይቶኪቶክ ተከፈተ። በአሜሪካም የኮሎራዶው ትምህርት ቤት ተቋቁሞ፣ ማርብል በምትባል የተራራ መንደር በ1962 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ። በዚህ ትምህርት ቤት ካገለገሉት አንዱ ፖል ፔትዞልት በ1938 ኬ-ቱ የተባለውን ታላቅ ተራራ ለመውጣት ከሞከሩት አሜሪካውያን ጋር የተጓዘ የታወቀ ተራራ ወጪ ነበር። እርሱ ያስተዋለው ችግር የተማሪ እጦት ሳይሆን የአስተማሪ እጦት ነው። ተራራ መውጣት የሚችል ሰው ሞልቷል፤ ሌላውን ሰው በደኅና አውጥቶ በደኅና የሚመልስ፣ በመንገዱም ላይ የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1965 በዋዮሚንግ ግዛት በላንደር ከተማ መሪዎችን የሚያሠለጥን «ናሽናል አውትዶር ሊደርሺፕ ስኩል» የተባለ ትምህርት ቤት አቋቋመ። «አስተማሪውን ማን ያስተምረው?» የሚለው ጥያቄ በተራራው ትምህርት ውስጥ የቈየ ጥያቄ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ዐሥሩ ቀን ልመለስ። እኛ ዐሥራ ሁለት መምህራን ነበርን፤ አሠልጣኞቻችን ሁለት ሲሆኑ ታላቂቱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ከመካከላችን የትምህርት ቤት ዲሬክተር የሆነ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው አለ፤ በታሪክ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ያላት ሴት አለች፤ በሥራ ላይ ገና አንድ ዓመት የቈየ የስፖርት አስተማሪ አለ። እዚያ ግን ሁሉም የሚጠራው በስሙ ብቻ ነው። ሽማግሌን «አንቱ» ብሎ ለአደገ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይቈረቍራል። ነገር ግን ተራራው ራሱ ማንንም «አንቱ» እንደማይል ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ገባን።

ጓዛችንን የምንሸከመው ራሳችን ነበርን። የመኝታ ከረጢት፣ ድንኳን፣ ገመድ፣ ድስት፣ የዐሥር ቀን ስንቅ ሲደመር በእያንዳንዳችን ጀርባ ላይ ሃያ ኪሎ ያህል ይሆናል። ስንቁ ድብ እንዳይከፍተው ተብሎ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። የምንጭ ውሃ የጠራ ቢመስልም ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣም። ለመጸዳዳት ከውሃ ስልሳ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጕድጓድ ቈፍሮ፣ መልሶ መሸፈን ግዴታ ነው። ዲሬክተሩ ትንሿን መቈፈሪያ ይዘው በጥድ ዛፎች መካከል ሲሰወሩ ያየ ሰው ሥልጣን ምን ያህል ቀላል ልብስ እንደ ሆነ ይረዳል።

የኮሎራዶ ሰዎች በተራሮቻቸው እጅግ ይኰራሉ። ከ4,267 ሜትር፣ ማለት ከ14,000 ጫማ በላይ ከፍታ ያላቸው ከሃምሳ የሚበልጡ ተራሮች አሏቸው፤ ከሁሉ የሚበልጠው የኤልበርት ተራራ 4,401 ሜትር ነው። እኔም ወግ ሲደርሰኝ የእኛ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን ነገርኋቸው። ተደንቀው ስንት ጊዜ እንደ ወጣሁት ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ራስ ዳሸን ብዙ አልተናገርሁም።

በሦስተኛው ቀን የገመድ ትምህርት ተጀመረ። ገደል የሚወጣ ሰው በወገቡ ላይ የሚያስረው ቋጠሮ የስምንት ቍጥር መልክ ያለው ነው። የታሪክ መምህርቷ አሠልጣኟ ደጋግማ ብታሳያትም ቋጠሮው እምቢ አላት፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። አሠልጣኟ «ነገርሁሽ እኮ!» አላለችም፤ ፊቷንም አላጠቈረችም። ገመዱን ፈትታ እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ ቆይታም ቦታዋን ለወጣቱ የስፖርት አስተማሪ ለቀቀች። እርሱ ከአጠገቧ ተቀምጦ እጁን ከእጇ ጋር እኩል እያንቀሳቀሰ ቢያሳያት ወዲያው ሠራችው። ማታ እሳት የሌለው ክባችን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ይህች ሴት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቈየችና፣ በክፍሏ ውስጥ ጥያቄ በጠየቀችው ቍጥር እጆቹን ከጠረጴዛው በታች ስለሚደብቅ አንድ ልጅ ነገረችን። ዘንድሮ ስለ ልጁ ዝምታ ለወላጆቹ ደብዳቤ ጽፋ እንደ ነበር ተናገረች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋትም።

በዚህ ትምህርት የቀኑ መሪ በየተራ ይለዋወጣል። ካርታና ኮምፓስ ለመሪው ይሰጡታል፤ አሠልጣኞቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልታየ በቀር አፋቸውን አይከፍቱም። የእኔ ተራ የደረሰው በስድስተኛው ቀን ሲሆን አሳባችን አንድ ከፍተኛ ጫፍ ላይ መውጣት ነበር። በእነዚህ ተራሮች በበጋቸው ወራት ከቀትር በኋላ ነጐድጓድና መብረቅ የተለመደ ነው። ከ3,500 ሜትር ገደማ በላይ ዛፍ ስለማይበቅል መጠለያ የለም። ስለዚህ መንገደኛ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ከእኩለ ቀን በፊት ከገላጣው ከፍታ መውረድ አለበት።

ገና ጨለማ ሳለ ተነሣን። ብርቱዎቹ ከፊት ቀደሙ፤ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የሆነች ጕልበቷን የሚያማት ባልደረባችን ከኋላ ቀረች። ሰልፉ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ብርቱዎቹ ቈመው ይጠብቃሉ፤ እርሷ ስትደርስ እነርሱ ዐርፈዋልና ወዲያው ይነሣሉ፤ እርሷ ግን ማረፊያ ጊዜ የላትም። ዕረፍት ያገኙት የማያስፈልጋቸው፣ ዕረፍት ያጡት የሚያስፈልጋቸው ሆኑ። ይህን እንዳየሁ ባልደረባችንን ከፊት አስቀድሜ ሌሎቻችን በእርሷ እርምጃ እንድንሄድ አደረግሁ። አንዳንዶቹ አጕረመረሙ። ነገር ግን መቈምና መጠበቅ ስለ ቀረ፣ አዝግመን እየሄድን ከቀድሞው ይልቅ ብዙ መንገድ ሸፈንን። እርሷም ከኋላ ሆና አንገቷን ደፍታ የነበረችው ሴት፣ ከፊት ስትሆን መንገዱን እየመረጠች፣ የሚንሸራተተውን ድንጋይ እያመለከተች ትመራን ጀመር።

ከጥዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ በምዕራብ በኩል ነጭ ደመና እንደ ጥጥ ክምር ወደ ላይ ማደግ ጀመረ። ከጫፉ የቀረን ከፍታ መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሰዎች «እኛ ፈጠን ብለን ወጥተን እንመለስ፤ እናንተ እዚህ ጠብቁን» አሉ። ጫፉ በዓይን ይታያል፤ ለዚያ ቀን ብለው ለወራት የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ደመናውን፣ ከእኛ እስከ ዛፎቹ ያለውን ርቀትና የባልደረባችንን ጕልበት አመዛዝኜ ሁላችንም እንድንመለስ ወሰንሁ። ቃሌን ተቀበሉ፤ ፊታቸው ግን ጠቈረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ መብረቅ ወርዶ ውሳኔዬን አጸደቀልኝ ብዬ ብናገር ታሪኩ ያምር ነበር። ግን እንዲህ አልሆነም። ደመናው ወደ ሌላው ሸንተረር ዞረ፤ ከቀትር በኋላ በጫፉ ላይ ፀሐይ ስታበራ ከታች ሆነን አየናት። ከሁለቱ አንዱ «ደርሰን ነበር እኮ» አለ። ማታ በክባችን ውስጥ አሠልጣኟ «ውሳኔው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብላ አልጠየቀችም። «በወሰንህበት ሰዓት የምታውቀው ምን ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ዘረዘርሁ። ቅር ያለውም ሰው ዝርዝሩን ሰምቶ፣ እርሱ መሪ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ቦታ ከፍሎ የሚተወን ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ቈጥሮ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ነገር ይህ ነው። እኛ አስተማሪዎች መጽሐፉን ከፈተናው ወር በፊት ለመጨረስ እንጣደፋለን። ብርቱዎቹን ይዘን ጫፉ ላይ እንወጣለን፤ «ትምህርቱ ተሸፈነ» ብለን በመዝገብ እንጽፋለን። ከኋላ የቀሩት የት እንደ ቀሩ ግን አንቈጥርም። በተራራ ላይ መሪ የሚመዘነው ከፊት በደረሰው ሰው ሳይሆን በመጨረሻው ሰው ነው፤ ምክንያቱም የጠፋ ሰው ካለ ጉዞው ሁሉ ይቆማል። በክፍል ውስጥ የጠፋ ልጅ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል፤ ጉዞውም የቀጠለ ይመስላል። ደግሞም የተማሪን መልስ ስንመረምር ልክነቱን ብቻ እናያለን እንጂ፣ ልጁ ምን ይዞ ወደዚያ መልስ እንደ ደረሰ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

በስምንተኛው ቀን እያንዳንዳችንን በየዛፉ ሥር ለየብቻ አስቀምጠው ሄዱ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማንንም ሳያናግሩ፣ ማስታወሻ ደብተር ብቻ ይዞ መቈየት ነው። ባልደረቦቼ ይህን አዲስ የተፈለሰፈ ጥበብ አድርገው ተደነቁ። እኔ ግን በልቤ ወደ አገሬ ሄድሁ። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ የቅኔ ተማሪ ከየኔታ ትምህርቱን ከተቀበለ በኋላ ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ ለብቻው ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመለስም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ የሚለምነው የቈሎ ተማሪ፣ ጎጆውን በራሱ እጅ ቀልሶ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን እያስጠና አድጓል። ተራራውና ርቀቱ ሁለተኛ መምህሩ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ችግርን ማመስገን አልፈልግም። የቈሎ ተማሪ የተራበው እንዲማር ተብሎ አይደለም፤ የሚያበላው ስላልነበረ ነው። በረሃብና በበሽታ የቀሩትን ማንም ቅኔ አልቈጠረላቸውም። የተራራው ትምህርት ቤት ከዚህ የሚለየው መከራው ስለ ተመጠነ ነው። መድኃኒት አለ፤ የተማረ አሠልጣኝ አለ፤ ከሁሉም በላይ ማታ ማታ የቀኑን ሥራ መርምሮ መነጋገር አለ። ሳይመረመር የቀረ ችግር ድካም ብቻ ነው፤ የተመረመረ ችግር ትምህርት ይሆናል።

«ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው፤ ከብት ሲጠብቅ ላደገ ኢትዮጵያዊ ተራራ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። በእውነት ትምህርቱ ውድ ነው፤ ልብሱና ጫማውም እንዲሁ። ነገር ግን ዋናው ነገር ገመዱና ድንኳኑ አይደለም፤ አስተማሪውን ከሚያውቀው ነገር አውጥቶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ እውነተኛ ሥራ ሰጥቶ፣ በኋላም ማነጋገር ነው። ደግሞም እረኛ ሆኖ ያደገው ልጅ ተምሮ አስተማሪ ሲሆን የሜዳውን ዕውቀት ከበር ውጭ ትቶ ይገባል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ዋልያን የሚሥል፣ ዋልያ ግን በዓይኑ ያላየ የባዮሎጂ መምህር ብዙ ነው። በካርታ ላይ ያሉትን የከፍታ መስመሮች ለፈተና የሚያስጠና፣ በእነዚያ መስመሮች ግን አንድ ኮረብታ ያልወጣ የጂኦግራፊ መምህርም እንዲሁ።

አገራችን በዚህ ረገድ ፈጽሞ ባዶ አልነበረችም። ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በአስተማሪነት ነው። የከተማው ወጣት አገሩን በእግሩ የረገጠበት፣ ከሚያስተምረው የበለጠ የተማረበት ዓመት ነበር። ቦታም አልጐደለንም። የዓለም ቅርስ ተብሎ በ1978 የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይገኙበታል፤ በባሌ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋው የሳነቲ አምባ አለ፤ ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆኑት እንጦጦ፣ የመናገሻ ሱባ ደንና ወንጪ አሉ። ሰላም ባለበትና መንገዱ በሚያስተማምንበት ቦታ፣ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ለሁለት ቀን አንድ ካርታ፣ ዳቦና ብርድ ልብስ ይዘው ቢወጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአካባቢውን ገበሬ ወይም እረኛ መሪ ያድርጉት። የዛፉን ስም፣ የደመናውን ጠባይ፣ የውሃውን መንገድ እርሱ ሲያስተምር፣ የዲግሪ ባለቤቶቹ ቍጭ ብለው ይጠይቁት። በዚያች ሰዓት ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደ ሆነ ማየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይህ ነገር ለአስተማሪ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። ከአንባብያን መካከል ተማሪ የሆነው ነገ ጥምጥሙን ይጠመጥማል። በመሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረውም፣ ከጠረጴዛው ወዲያ የሚቈመውን ባለጉዳይ በየቀኑ ያያል። ያ ሰው የትኛው ቅጽ በየትኛው ቢሮ እንደሚሞላ አያውቅም፤ እጁም ወረቀቱን ሲሰጥ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ጸሐፊው ግን ቅጹን ከማወቁ የተነሣ አለማወቅ ምን እንደሚመስል ረስቷል። በየዓመቱ ጥቂት ቀን ጥምጥሙን አውልቆ፣ ወደማያውቀው መንገድ ወጥቶ፣ ከሚያውቅ ሰው ኋላ መሄድ ለሁላችንም የሚያስፈልግ ነው። የሚመለስ ሰው ከተራራው የሚያመጣው ሌላ ሀብት የለም፤ ከኋላ የቀረው ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅ ብቻ ነው። ለአስተማሪም፣ ለሹምም፣ ለጸሐፊም ይህ ትንሽ ዕውቀት አይደለም።